ካሮት የመሰለው ጸጉር

ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ ሻሽ ያሰረች ሴት አጠገቧ ለተቀመጡ እናት ሳይጠይቋት ታወራለች።

«እኔ ጸጉር ሠሪዋን ያልኳት ወይን ጠጅ ቀለም ነበር፣ እትዬ። እዩት፣ ካሮት!» ሻሿን ከግንባሯ ገለጥ አደረገች።

«ውይ በሞትኩት! ጸጉር ሠሪዋ አትችልም እንዴ?»

«ትችላለች። ቀለሙን ሳትበጠብጥ ‹ሂና ተቀብተሽ ታውቂያለሽ?› ብላ ጠይቃኛለች።»

«እና?»

«በፍጹም አልኳት። በየወሩ ነው የምቀባው፤ ለካ ሂና ያለበት ጸጉር ላይ ቀለሙ ይበላሻል።»

«ምን አስዋሸሽ?»

«የእጮኛዬ እህት አጠገቤ ነበረች። ሂናው ሽበቴን መደበቂያ ነው፤ እነሱ የሚያውቁት ሃያ ስድስት ዓመቴ እንደሆነ ነው።»

«ስንት ነሽ?»

«ይተዉት።»

«ጸጉር ሠሪዋንስ ምን አልሻት?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ሙያ የሌለሽ!› ብዬ ሰደብኳት። እሷ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ደግማም በነጻ አጠበችኝ።»

«ደውለሽ እውነቱን ንገሪያታ።»

«በምን አፌ?»

«በዚያው በሰደብሽበት።»

እኔም እንደሷ ዋሽቼ የራሴን ጸጉር ሠሪ ሰድቤ ነበርና፣ ካሮቱ እንዳይታይ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ፣ ቡኢ እስክንደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አላዞርኩም።