በግ ወይስ አልጋ? የበለጥሽ ልደት ክርክር

ከኦሬንጅ ፋርም ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄድ ታክሲ ሞልቶ አያውቅም። ሰው በሰው ላይ ተደርቦ፣ ከረጢት በጉልበት ላይ ተጭኖ እንኳ ሾፌሩ «አንድ ሰው ቀረኝ» ይላል። በዚያን ዕለት ጠዋት ሽጉጤ የተሳፈረባት ታክሲ ደግሞ በዕድሜ ከሾፌሯ ትበልጣለች። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ወልቆ ቀድሟቸው ሄደና ከተማ ሲደርሱ ራንኩ፣ የታክሲ መናኸሪያው፣ ላይ ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ አገኙት እየተባለ ይወራል። ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ድምፅዋን አልሰማም ማለት ነው።

ሽጉጤ የሆሳዕና ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ፣ ከሚስቱ ከበለጥሽ ጋር ዳቦና ስኳር በብረት ፍርግርግ እያሾለከ ሲሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከፍርግርጉ ኋላ ከመቀመጥ ብዛት ፀሐይ ፊቱን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፍላ አጥቁራዋለች፤ የአገሩ ልጆች «ቆርኪ አምጡ፣ ፊቱ ላይ ዳማ እንጫወት» ይሉታል። እሱ አይቆጣም። ለመቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ወደ ታክሲዋ ስትገባ ሾፌሩ በመጨረሻ ሞተሩን አስነሣ።

«ጋሼ ሽጉጤ! እንዴት አደሩ? እስካሁን እዚህ ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺ ልጅ፣ ከየት ተገኘሽ?»

ፅናት ነበረች፤ የበለጥሽ የእኅት ልጅ። ከተማ ውስጥ የሆቴልና የቱሪዝም ትምህርት ትማራለች። ባዶው ወንበር ላይ የነበረ የሰው የሽንኩርት ከረጢት አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና አጠገቡ ተሸጎጠች።

«አክስቴን ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ‹አሁን ወጣ› አለችኝ። አሁን ያለችው ቆየት ብሏል።»

«ታክሲው እስኪሞላ ግማሽ እንቅልፍ ተኛሁ ብልሽ ይሻላል። ወደ ጄፒ፣ ወደ ሀበሾቹ ገበያ ነኝ። ዕቃ አመጣለሁ፤ በዚያውም በግ አዝዛለሁ።»

«የምን በግ?»

«የአክስትሽ የልደት በግ ነዋ! አርባ ዓመት ልትደፍን አይደል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። በወረቀት ላይ ከሆነ፣ ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ እንደሚጻፈው፣ ሽጉጤም በለጥሽም የተወለዱት ጃንዋሪ አንድ ነው። ወዳጃቸው ባለሱቁ ምሕረቱም፣ የምሕረቱ ሚስትም፣ ማዶ ያለው ባለሱቅም እንደዚያው። ወረቀታቸውን ያየ የውጭ ሰው፣ ሆሳዕና ውስጥ ሰው የሚወለደው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ በተቀረው ጊዜ አዋላጆቹ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ ቢል አይፈረድበትም። የበለጥሽ እናት ግን ልጇን የወለደችው በመስቀል ሳምንት እንደሆነ አጥብቃ ነግራታለች። ሽጉጤም ዘንድሮ ነገሩን ከልቡ አስቦበታል።

«ሰው ሁሉ ይጠራል» አለ፣ እጁን እየዘረጋ፤ ለመዘርጋት ቦታ ስላልነበረ የጎረቤቱን ሴትዮ ቦርሳ ነካ። «ከኮዝሞ ሲቲ ይመጣሉ፣ ከዮቪል ይመጣሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ። ይበላል፣ ይጸለያል፣ ትመረቃለች። ለዚች ሴት ይሄ ቢያንሳት ነው።»

«ደግ አሰቡ፣ ጋሼ። ግን ምግቡን ማን ይሠራዋል?»

«ሴቶቹ ናቸዋ።»

«የትኞቹ?»

«እንግዲህ የምሕረቱ ሚስት ሱቅ ላይ ናት። ሌሎቹም ከየሱቃቸው የሚመጡት ለመብላት ሰዓት ነው...» ብሎ አሰበና ፊቱ በራ። «በለጥሽ ራሷ አለች! ከእሷ በላይ ባለሙያ ማን አለ?»

ፅናት ጭኗ ላይ ያለውን የሽንኩርት ከረጢት አየት አደረገች። ታክሲዋም ስትንገጫገጭ ለእሷ የመለሰች መሰለች።

የእኛ ሰው ስሕተት ይኸው ነው። የወደድነውን ሰው ልናከብር ስንነሣ ቢላዋውን አስይዘን፣ ሽንኩርቱን ከፊቱ ቆልለን፣ «እንኳን ደስ አለህ» እንላለን። በለጥሽ ባለፈው ዓመት ዮቪል ለዘመድ ሠርግ ሄዳ ሙሽራዋን ያየቻት በፎቶ ነው፤ ያውም ፎቶውን ያሳዩዋት ድስት እያጠበች ሳለ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ሽጉጤ። «በቀደም የሆነውን ነግራሻለች? ያሥቃል! ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳቦውን ለደንበኛ እንደዘረጋች፣ በፍርግርጉ መሐል! አንዲት ጎጎ ናት፤ አሮጊቷ ዳቦውን ቀስ ብላ ወሰደች፣ ሳንቲሙን መዳፏ ላይ አስቀመጠች፣ ጣቶቿን አጠፈችላት፣ ከዚያ ሰልፉን ‹ሽሽ! ማማ ተኝታለች› አለችው። ሰልፉ ሁሉ በሹክሹክታ ሲገዛ አረፈደ!»

ብቻውን ሣቀ። ሣቁ ግን እሱም ደክሞት ነበርና መንገድ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ከተቆጡኝ ይቅርታ። እኔ ብሆን በጉን ትቼ አክስቴን ሁለት ቀን ከተማ እወስዳታለሁ።»

«ከተማ? አሁን የት እየሄድን ነው ታዲያ?»

«ጄፒማ ከተማ አይደለም፤ ሰፋ ያለ ሱቅ ነው። እኔ የምለው ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ንጹሕ እንግዳ ማረፊያ፣ አልጋና ቁርስ ያለው።»

«አልጋ?» ሽጉጤ ዞር ሊል ሞከረ፤ አንገቱ ብቻ ዞረ። «ቤቴ አልጋ እያለኝ አልጋ ልከራይ? ምሁሯ፣ ይህን ነው የሚያስተምሩሽ? እንቅልፍ በገንዘብ ይገዛል ወይ?»

«ያ የቤትዎ አልጋ በስኳር ከረጢትና በለስላሳ ሣጥን መሐል፣ ከጣሪያው ላይ ዕቃ የተንጠለጠለበት ነው? ገና ሳይነጋ ግድግዳው እየተደበደበ ‹ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!› የሚባልበት? እሱ አልጋ አይደለም፣ ጋሼ። ከሱቁ ዕቃ አንዱ ነው። ያልተሸጠው ብቻ።»

አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ አማርኛ አታውቅም፤ ግን የተሸነፈ ወንድ ፊት በየትኛውም ቋንቋ ይነበባልና ፈገግ አለች።

ሽጉጤ ሌላ በር ፈለገ። «እሺ ይሁን። ዮቪል የወንድሜ ልጅ አለ። በነጻ ያሳድረናል።»

«ያሳድራችኋል። አክስቴ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት ትገባለች። ‹ኧረ አንቺ ተቀመጪ› ይሏታል፤ እያሏት ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ያቀብሏታል። በአገራችን የዘመድ ቤት አይታረፍበትም፤ ይሠራበታል።»

«ልጄ፣ የሀብታም ወግ ነው የምታወሪው። እኛ አገር ቤት የሚማሩ ልጆች አሉን።»

«ለዚህ ነው ትምህርቱ። ቅዳሜና እሑድ ውድ ነው፤ በሥራ ቀን ረከስ ይላል። መሄጃው ይችው ታክሲ ናት። ከተማው ውስጥ ሐይቅ አለ፤ ዳሩ ሣር ላይ መቀመጥ አይከፈልበትም። ምሳ ከዮቪል ትንንሽ ምግብ ቤቶች ተገዝቶ በፌስታል ይያዛል። ለድግሱ ካሰቡት ተርፎ ለልጆቹ ይላካል። በጉን የሚበላው ሰውኮ እጁን ታጥቦ ይሄዳል፤ ድስቱ ከአክስቴ ጋር ይቀራል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«‹ጨው በዛው› ይላል። ሁልጊዜ የሚለውን።»

«ሱቁስ?»

«ይዘጋል።»

ኩላሊትህን ሽጥ ብትለው እንደዚህ አይደነግጥም ነበር። የሽጉጤን ሱቅ ለቅሶ እንኳ አልዘጋውም፤ እናቱ ያረፈች ጊዜ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ አልቅሶ፣ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ተጽናንቶ፣ በመሐሉ ክብሪት ሸጧል።

«አንድ ቀን የተዘጋ ሱቅ የሞተ ሱቅ ነው!» አለ። «ደንበኛ እንደ ውሃ ነው፤ መንገድ ካገኘ ይፈሳል። እኔ ያን ሱቅ የከፈትኩት ለጨዋታ መሰለሽ? በላቤ ነው!»

ጎልደን ሃይዌይ ላይ መብራት ጠፍቶ ሮቦቱ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ አይሠራም ነበር፤ መኪናው ሁሉ መስቀለኛው ላይ ተቆላልፏል። ሾፌሩ «ኤይሽ!» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው አንዱ በመስኮት፣ አንዱ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ጭንቅላቱን ጣለ። ያ ሁሉ ሰው ገና በጠዋቱ ደክሞት ነበር። ፅናት በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ልነግርዎት አላሰብኩም ነበር፣ ጋሼ። ዛሬ አክስቴ የአውሮፕላን ዋጋ እንዳጣራላት ጠየቀችኝ። ወደ አገር ቤት።»

«ልጆቹን ልታይ ነው። መልካም ነው።»

«መሄጃውን ብቻ ነው። የመመለሻውን ስጠይቃት፣ ‹እሱን ተዪው› አለችኝ።»

ሽጉጤ የፊት ለፊቱን ወንበር ቀዳዳ በጣቱ ጎረጎረ።

«ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። ‹ሽጉጤ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደክሞኛል› አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር።»

ሽጉጤ ያችን ቆማ የተኛችውን በለጥሽን በሐሳቡ እንደገና አያት፤ አሁን ግን አላሣቀችውም። የማታውቃት አሮጊት ጣቷን ስታጥፍላት እሱ ምን ሲያደርግ ነበር? ከኋላ ሆኖ የለስላሳ ሣጥን ሲደረድር ነበር።

መኪኖቹ ተፈታተው ታክሲዋ ስትነሣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሱቁን ማን ይይዘዋል?»

ሰው «ለምን» ማለቱን ትቶ «እንዴት» ማለት ሲጀምር ክርክሩ አልቋል፤ የቀረው አሠራሩ ብቻ ነው። ፅናትም ብልህ ናትና መልሱን ራሱ እንዲያገኘው ተወችው።

«አገር ቤት» አለ ሽጉጤ ቀስ ብሎ፣ «የአንድ ሰው እርሻ ለብቻው ሲከብደው ደቦ ይወጣል። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። ምሕረቱ ከሁለተኛው መንገድ ነው ያለው። ታናሽ ወንድሙን ልኮ ሱቄን ቢይዝልኝ፣ በተራው እኔ የእሱን ብይዝ... ለአጨዳ ደቦ ካለ ለዕረፍት ደቦ ለምን አይኖርም?»

«ጋሼ፣ ይህን መምህሮቼም አላሰቡት!»

«አትሸንግዪኝ። ይልቅ ማረፊያውን ስትፈልጊ ሀበሻ የሌለበት ይሁን። ሀበሻ ካለ እንግዳ ተቀባይነት አለ፤ እንግዳ ተቀባይነት ካለ ሽንኩርት አለ።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በመስቀል ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የምሕረቱ ወንድም ፍርግርጉ ኋላ ተቀመጠ፤ ባልና ሚስት ያችኑ ታክሲ ተሳፈሩ። ሜልቪል በሚባል ጸጥ ያለ የከተማው ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ማረፊያ ቤት በለጥሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ማን ይመጣል?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ምንም።»

ግራ ገባት። ተነሥታ የተነጠፈውን አልጋ እንደገና አነጠፈች። ጠረጴዛውን በመሐረቧ ወለወለች። የሚወለወልም ሲያልቅ፣ ለአፍታ ብላ ጋደም አለች።

ፅናት ያወጣችው ዕቅድ ሸጋ ነበር፤ ሙዚየም ነበረበት፣ ገበያ ነበረበት፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ከተማውን መመልከት ነበረበት። በለጥሽ ሁሉንም በእንቅልፏ አለፈችው። የቤቱ ባለቤት እሜቴ ቡና ይዛ መጥታ «ባባ፣ ሚስትህ ታማለች እንዴ?» ብትለው፣ ሽጉጤ በሱቅ እንግሊዝኛው «ኖ ማማ፣ ስጦታዋን እየከፈተች ነው» አላት። ሊቀሰቅሳት እጁን ዘርግቶ ሁለት ጊዜ መልሶታል። እንቅልፍ በገንዘብ ይገዛል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደሚገዛ አየ።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ ተቀመጡ። በለጥሽ ዳክዬዎቹን እያየች ማውራት ጀመረች፤ ስለ አባቷ ንብ፣ ስለ ልጅነቷ፣ ሽጉጤ በትዳራቸው ሙሉ ሰምቶት ስለማያውቀው ነገር ሁሉ። ወሬ ያላት ሴት መሆኗን ረስቶት ነበር። ፀሐዩ ዘንበል ሲል የፈራውን ጠየቃት።

«ያን ቲኬት... ቆረጥሽው?»

ማን ነገረህ አላለችውም። ሣሩን በጣቷ ነጨች።

«ለገና ልጆቹን ላይ እሄዳለሁ፣ ሽጉጤ። መሄዴን አልተውም።»

«እሺ።»

«የደርሶ መልሱን እንድትጠይቅልኝ ለፅናት እነግራታለሁ።»

ኦሬንጅ ፋርም ሲመለሱ ሱቁ እንደቆመ አገኙት፤ አልፈረሰም፣ ደንበኛም አልፈሰሰም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ግን ድግስ የቀረባቸው ሰዎች ሽጉጤን ከበቡት።

«ስስት ነው!» አለ ምሕረቱ። «ወንድሜን ሱቅ አስጠብቀህ አልጋ ላይ ትጋደማለህ፣ እኛ ጦማችንን!»

ሽጉጤ ክብ መሐል ቆመ፤ ሲናገር የፅናት ቃል እንደሆነ ፈጽሞ አልጠቀሰም። «ስሙኝ ወንድሞቼ! ወጪው ከድግሱ አነሰ፤ የተረፈው ለልጆቻችን ደብተር ሆነ። ያረፈ ሰው ሲያገለግል አይሳሳትም፣ ከደንበኛ አይጣላም፣ ለክሊኒክና ለቫይታሚን አይከፍልም። ከሁሉም በላይ ሚስቴ ከእኔ ጋር አወራች። የማናችሁ ሚስት ከዳቦና ከስኳር ሌላ ነገር ያወራችው መቼ ነው? ምሕረቱ፣ የሚቀጥለው ተራ ያንተ ነው፤ ሱቅህን እኔ እጠብቃለሁ። የልደት ቀን ባታውቁ ችግር የለም፤ ሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ነን፤ ተከፋፍለን እንወጣዋለን!»

ወንዶቹ ተከራከሩ፣ አጉረመረሙ፣ የሱቅ ተራ ደለደሉ። ሴቶቹ ግን ሽጉጤን ትተው በለጥሽን ከበው ነበር።

«እስቲ ንገሪን» አለች የምሕረቱ ሚስት። «ያን ሁሉ መንገድ ሄደሽ፣ ከተማ ላይ ምን አየሽ?»

በለጥሽ ትንሽ አሰበች።

«ጣሪያ» አለች። «ነጭ ጣሪያ። ምንም ያልተንጠለጠለበት።»

ከዚያ የምሕረቱ ሚስት ወደ ባሏ ዞረችና በወንዶቹ ጫጫታ ላይ ጮክ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያ ተራችን ስንት ቀን ነው የቀረው?» አለችው።