ገዳዩ ያልታወቀበት ጨዋታ
ስሙኝማ። ወንድሜ ቀበና ወንዝ ዳር ተገድሎ በተገኘ በሳምንቱ፣ ገዳዩን ለማውጣት የአገሩ ሰው አንድ ሳይቀር እንጦጦ ግርጌ ሜዳ ላይ ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ስም የሚጠራ ጠፋ። ጨዋታ አዋቂ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ፣ ሰዉ እንዳይሰለች ብለው፣ ስለ አንድ የተገደለ ባለጠጋ ማውራት ጀመሩ። ሚስቱም፣ አማቱም፣ ነፍስ አባቱም ሬሳው ላይ ቆመው "እኔ ልገድለው ሳስብ ማን ቀደመኝ?" እያሉ ይጣላሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም፣ ማርያምን፣ ከነሐዘኔ ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ገዳዩን ይጠብቅ ነበር፤ የዚህኛው እንኳ ይታወቃል ብዬ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አራግፈው "አለቀ" አሉ።

"አባቴ፣ ታዲያ ማን ገደለው?" አልኋቸው።

"ምን ያደርግልሻል ልጄ? ሟች እንደሆነ አይነሣ። ለሳቅ ያህል ነው።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አውጫጭኙን የሚመሩት ዳኛም አብረው ሳቁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ "ምስክር አልተገኘም" ተብሎ ተበተንን። ሁሉም እየተጫወተ ቁልቁል ወረደ። ከመካከላቸው አንዱ ወንድሜን የገደለው ነው፤ እሱም አብሮ ስቋል። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ጀርባቸውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።