ልጆቹን ቆቦ ለመውሰድ

ከላሊበላ ወደ ወልድያ ስወርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ልጆቿን የያዘች አንዲት የላሊበላ እናትና አንዲት የቆቦ ባልቴት ከፊቴ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጆቹ ለእረፍት ቆቦ፣ አክስታችን ዘንድ ውሰጅን አሉኝ። ወባው ግን አስፈራኝ፣ እትዬ።»

«መፍራትስ ፍሪ። ምን አዘጋጀሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት ገዝቻለሁ። የበቆሎ እሸት እንዳይቀምሱም አስምያቸዋለሁ።»

«ወላሂ፣ እናንተ ደገኞች! እሸቱ ምን በደለ? ወባ የምታስይዘው ትንኟ ናት። አጎበርስ?»

«ሻንጣው ሞላብኝና ተውኩት።»

«ሽንኩርቱን አውጥተሽ፣ ወልድያ ላይ አጎበር ገዝተሽ ክተቺ!»

«እሺ። እዚያ ካላመማቸው ተገላገልኩ ማለት ነው?»

«የለም ልጄ፣ ወባ ቆይታም ትነሳለች። ላሊበላ ተመልሰውም ካተኮሳቸው፣ ቆቦ ነበሩ ብለሽ ደማቸውን አስመርምሪ። ብርድ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ።»

እኔም ሰሞኑን ከቆቦ ተመልሳ ሲያተኩሳት፣ ጋቢ አልብሼ ትቻት የመጣሁት ልጄ ታየችኝና፣ ወርጄ ወደ ላሊበላ ልመለስ ብዬ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በመስኮት መፈለግ ጀመርኩ።