ውሃ የገደላቸው አይጦች

ይህን በማውራቴ ውሃ የምትጠጡትን ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምሠራው ላቦራቶሪ ነው፤ እኔ አይጧን አጥብቄ እይዛለሁ፣ አለቃዬ በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ይግታታል። ቱቦው ሆዷን ስቶ ሳንባዋ ከገባ ትሞታለች። ታዲያ አለቃዬ ላሊበላ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ፣ ቅጠላቸውን በአይጥ የሞከርንላቸውን የአሸተን ተራራውን መድኃኒት አዋቂ አያ ሞላን «ቅጠልዎ አይጥ ፈጅቷል፤ ከእንግዲህ ለሰው እንዳይሰጡ!» አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ በታላቅ ሐዘን ተነሣሁ። «ወገኖቼ፣ ሌላም መርዶ አለ። ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ የጋትናቸው አይጦችም ሞተዋል። እንግዲህ ውሃም ይከልከል።»

«ተቀመጥ!» አለኝ አለቃዬ።

«አልቀመጥም! ወይ የቱቦውን ጉድ ይንገሯቸው፣ ወይ ውሃውንም ያውግዙት።»

አያ ሞላ ቀና አሉ። «እኔስ ግድ የለም፣ ጠላ አለኝ» ሲሉ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አለቃዬ ጉሮሮው ደርቆ የታሸገ ውሃውን አነሣ። ሰው ሁሉ አፉን አፉን ያየው ጀመር። ሳይከፍት መልሶ አስቀመጠው።

«ቱቦው ሳንባ ገብቶ ነው፤ ቅጠሉ አልገደለም» አለ በመጨረሻ። ያኔ ጠጣ።

አደራ፣ ለማንም አትድገሙት፤ የአሸተን ምንጭ ሰምቶ እንዳይቀየመን።