የአንጀት አንባቢው የምርመራ ውጤት

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ የበና ብሔረሰብ ወጣትና አንዲት ነርስ ከኋላዬ ተቀምጠው ያወራሉ። እኔ ማንበብን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሕክምና መጽሐፍ ስለማገላብጥ የሕክምና ወሬ አያመልጠኝም።

«አባትህ መድኃኒቱን ጀመሩ?»

«እምቢ አለ። ዕጢውን ከአንጀቴ አውጥታችሁ የለ፣ ሌላ ምን ቀራችሁ ይላል።»

«የዕጢው ውጤት ከአዲስ አበባ መጥቷል። ውስጡ ያለውን ፕሮቲን አይተው በሽታው ይመለስ እንደሆነ ይገምታሉ።»

«እና?»

«ደህና ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱ የመኖር ተስፋቸው ሰፊ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምልክት ነው እንጂ እርግጥ አይባልም።»

ወጣቱ ሳቀ።

«አባቴም የፍየል አንጀት አይቶ የሚመጣውን ሲናገር እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ንገራቸዋ። የእርስዎን አንጀት ደግሞ እኛ አየነው፣ ምልክቱ ጥሩ ነው በላቸው።»

«ራሴ ካላየሁ አላምንም ይላል።»

«የአንጀታቸው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ይምጡ፣ አሳያቸዋለሁ።»

«ለማየትማ ይመጣል። ግን አነባበብሽን ያርምሻል።»

«ያርሙኝ። ብቻ መጥተው መድኃኒቱን ይጀምሩ።»

«ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

ሐኪም ሳይቀር የማርመው እኔ፣ ባርኔጣዬን በአክብሮት አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።