የሌላኛው መንታ ደም

የምስክር ስም፦ ሀሊማ ረሻድ
ዕድሜ፦ 22
ሥራ፦ ቅቤ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ስለ ሕፃን ሀሰን አሟሟት ተጠይቄ ይህን እናገራለሁ። አማርኛ ስለምችል አስተርጓሚ አልፈለግሁም።

ሀሰንና አህመድ የሦስት ወር መንታ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሰኞ ሀሰን አተኮሰው፤ ጡትም እምቢ አለ። ከአማቴ ከረሂማ ጋር ሁለቱንም ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። በእኛ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ረሂማ የሚለውን መርማሪው የጻፉት ከባለቤቴ ክስ ላይ ወስደው ነው።

ዋለ የሚባለው የጤና ረዳት ሀሰንን መረመረና ደሙ ይታይ አለ። ለወባ ብቻ አይደለም። ነጩ የደም ሴል በዝቶ ከተገኘ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መርፌ ተጀምሮለት ዛሬውኑ ሆስፒታል ይላካል፣ ካልበዛ ሽሮፕ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ ብሎ አስረዳን።

ላቦራቶሪው በር ላይ አማቴ ሀሰንን አስታቀፉኝና አህመድን ከጀርባዬ አወረዱት። "ይሄኛው ደክሟል፤ ደም ከወሰዱበት ምን ይተርፈዋል? መንታ ናቸው፣ ደማቸው አንድ ነው" አሉ። በአማቴ ፊት ቃል አልመልስም። ምናልባት እውነትም መስሎኝ ነበር። ያላስቆምኳቸው በወጉ ይሁን ወይም አምኜያቸው፣ ለይቼ አላውቅም።

ቴክኒሺያኑ ዳኘ ሀሰን የሚባለው ይሄ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አማቴ አዎ አሉ። ተረከዙን ሲወጋው አህመድ ጮኸ። ዳኘ ሳቀና፣ "ይሄማ ተሳፋሪ እየተጣራ የአዲስ አበባን አውቶቡስ ብቻውን ይሞላል" አለ። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሀሰን እቅፌ ውስጥ ነበር። ድምፅ አላሰማም።

ውጤቱ ወባ የለም፣ ነጩም አልበዛም የሚል ነበር። ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ሀሰን በማግስቱ ሞተ።

ባለቤቴ አብዱራህማን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል ነው። ዳኘ ደሙን ሳያይ ውጤት ጽፏል ብሎ ከሰሰ፤ ዳኘም ታሰረ። ልጆቹ በር ላይ መለዋወጣቸውን ባለቤቴ አያውቅም። እቤት ማንም አላነሳውም። ዳኘ ያየው የአህመድን ደም ነው። በትክክልም አይቶታል።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠየቅሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አህመድ አተኮሰው። ጡት አይዝም። ጤና ጣቢያ ስወስደው፣ ደም የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ፖሊስ ዘንድ ነው አሉኝ።

መርማሪው፣ "ይህን የምትናገሪው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ልጅሽ ስለታመመብሽ?" አሉኝ።

"ልጄ ስለታመመብኝ ነው። እውነትም ነው" አልኩ።

ባለቤቴ የፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ስወጣ ምን እንደምለው አላውቅም።

ቃሌ እንዲነበብልኝ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ያልኩትን አውቀዋለሁ፣ ሐሰት የለበትም፣ ማንበቢያው ጊዜ ለዳኘ ይሁንና አሁኑኑ አብሮኝ ይሂድ ብያለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ሕፃኑን ከእቅፏ ሳታወርድ ሰጥታለች።
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ጠና፣ ፊርማ