መነፅር ያሳፈረው ሰው

ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ያወራሉ።

«ሰሊጡን ከጠጠር መለየት ካቃተህ ከመጋዘኑ ያባርሩሃል። ሐኪሙ ያዘዘልህን መነፅር ለምን አታደርግም?»

«ሰው ያውቅብኛላ።»

«ምኑን?»

«ግለ ወሲብ ዓይን ያጠፋል ሲባል አልሰማህም?»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙን ጠይቀኸዋል?»

«ጠይቄዋለሁ። ዓይንም ጉልበትም አይነካም፤ ድሮ ሐኪሞችም ተሳስተው እንደዚያ ይሉ ነበር አለኝ።»

«ታዲያ?»

«እሱም እኮ መነፅር አድርጓል። ሌላ ምን ሊለኝ ነው?»

«እና ልትባረር?»

«ስሜ ከሚጠፋ ልባረር።»

መነፅሬን ቀስ ብዬ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና የደበዘዘውን መንገድ እያየሁ፣ ጨርሶ ስላልጠፋው ዓይኔ ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ ገዳሪፍ ደረስኩ።